የሌንሱ ዋጋ በግራሶው ውስጥ ነው

ያገለገለ የካሜራ ሌንስ ለገበያ ሲቀርብ ገዢው አስቀድሞ የሚያደርገው ይታወቃል። ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስቶ መስተዋቱን ያያል፤ ጭረትና ሻጋታ ይፈልጋል፤ የውጭ ቀለሙ የቱን ያህል እንደተላጠ ይመለከትና ዋጋ ይጠራል። የፎከስ ቀለበቱን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያዞር ግን ጥቂት ነው። የሚያዞረውም ቢሆን ቀለበቱ ከገተረበት «ይኼማ ሞቷል» ብሎ ዋጋውን በግማሽ ይቆርጣል፤ አለዚያም ትቶት ይሄዳል።

ገዢና ሻጭ በዚህ ጊዜ የሚከራከሩት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባነሰ ግራሶ ላይ ነው። መስተዋቱ ጤነኛ ሆኖ ግራሶው ብቻ የደረቀበት ሌንስ በአንድ ቀን ሥራ ወደ ሙሉ አገልግሎቱ ይመለሳል። በአንጻሩ ቀለበቱ ያለ ምንም መያዝ ሽው የሚል ሌንስ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ተንቆርቁሮበት ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከጥቂት ወራት በኋላ የገዢውን ገንዘብ ይዞ ይጠፋል። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ለይቶ የሚያውቅ ነጋዴ ሌላው የጣለውን አንስቶ ያተርፋል፤ የማያውቀው ደግሞ በተቃራኒው።

ጉዳዩ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ለሚሠሩ ፎቶ አንሺዎችና ለእነርሱ ዕቃ ለሚያቀርቡ ነጋዴዎች ከሌላው አካባቢ ይልቅ ክብደት አለው። ምክንያቱ የአየሩ ጠባይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ስትገኝ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን ደባርቅን አልፎ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ሰው ሳንቃበር ላይ 3,250፣ ግጭ ላይ 3,600፣ ጨነቅ ላይ 3,620 ሜትር ከፍታ ይጠብቀዋል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀዘቅዝ በጎንደርና በጨነቅ መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። በበጋ ሌሊት ተራራው ላይ ውርጭ ይጥላል። በፒያሳ ቀትር ላይ በሁለት ጣት የሚዞር ቀለበት፣ ጭላዳው ከገደሉ ወጥቶ ፀሐይ በሚሞቅበት የማለዳ ሰዓት በሙሉ እጅ ተይዞም እምቢ የሚለው በዚህ የተነሳ ነው።

ከከተማው ወገን ደግሞ ጥር አለ። የሰርግ ወቅት ነው፤ ጥር 11 ቀንም ጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ ይከበራል። የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ደግሞ ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። በአንድ ከተማ ዙሪያ ይህን ያህል ፎቶ የሚነሳ ነገር የተሰበሰበበት ሌላ ቦታ በአገሪቱ ብዙ የለም። ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት የጎብኚውን እግር ስላሳጠረው፣ በቱሪስት ላይ ተማምኖ ውድ ዕቃ መግዛት ለብዙ ባለሙያ የማይታሰብ ሆኗል።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ጉዳይ ተጨመረ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በይፋ ተመን 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ መውጣቱም በዚያ አላቆመም። አዲስ ሌንስ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ ይህ ሽቅብ ጉዞ በቀጥታ ዋጋው ላይ ይታያል። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተረሳ አሮጌ ሌንስ ግን ዶላር አይጠይቅም።

አሮጌው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ

ከዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከንቱ ወሬ በሆነ ነበር። የፊልም ካሜራ ከተተወ በኋላ የድሮ ሌንሶች ከሞላ ጎደል ገዢ አልነበራቸውም። ሁኔታውን የለወጠው ውስጡ የሚገለበጥ መስተዋት የሌለው ካሜራ መምጣቱ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኒኮንና ካኖን ደግሞ በዋና ዋና ካሜራዎቻቸው በ2018 ይህን መንገድ ያዙ። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ምስል መቀበያው ያለው ርቀት አጭር ነው፤ በሶኒ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የድሮዎቹ ባለ 42 ሚሊ ሜትር ብሎን ሌንሶች የሚፈልጉት 45.46 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱን የሚሞላ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቀለበት ከተገኘ አሮጌው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ይህ ቀለበት አዳፕተር ይባላል፤ ከውጭ ከሚመጣው የካሜራ ዕቃ ሁሉ ርካሹ እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

በአገራችን ከሚገኙት አሮጌ ሌንሶች ውስጥ ስሙ ቶሎ የሚነሳው ሄሊዮስ 44-2 ነው። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረትና ምሥራቅ ጀርመን የሄዱ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ከጓዛቸው ውስጥ ዜኒት ወይም ፕራክቲካ ካሜራ አይጠፋም ነበር። ሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1982 የተመረተው ዜኒት-ኢ ብቻውን ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሄሊዮስም አብሮት የሚሸጥ ሌንስ ነበር። 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀዳዳው እስከ 2 ይከፈታል፤ ንድፉም ከጦርነቱ በፊት ጀርመን አገር በካርል ዛይስ የተሠራው የባዮታር ነው። በሶኒ አነስተኛ መቀበያ ካሜራዎች ላይ ሲገጠም እንደ 87 ሚሊ ሜትር ስለሚያይ ለፊት ፎቶ ይመቻል፤ ከሙሽራዋ ጀርባ ያለውን ዛፍና መብራት እያዞረ የሚያደበዝዘው ጠባዩም ዛሬ በዓለም ዙሪያ ፈላጊ አግኝቶለታል። በአብዛኞቹ የሶቪየት ሌንሶች የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የተሠራበትን ዓመት ያሳያሉ። ቁጥሩ በ78 ቢጀምር እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራ ነው ማለት ሲሆን፣ ግራሶውም ካልተነካ የዚያን ጊዜው ነው።

«አልተነካም» የሚለው ቃል በደላላ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። በሌንስ ላይ ግን ምስጋና መሆኑ ያጠራጥራል።

ግራሶ እንዴት ያረጃል

ግራሶ አንድ ወጥ ነገር ይመስላል እንጂ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዘይት ነው፤ ሌላው ዘይቱን እንደ ስፖንጅ አምቆ የሚይዝ ሳሙና መሰል ነገር ነው። ሌንሱ በሙቀት ቦታ፣ ለምሳሌ በቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር ወይም በመኪና ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ ዘይቱ ከስፖንጁ እየለቀቀ ይወጣል። የወጣው ዘይት ባለበት አይቆምም። በብረቱ ላይ እየሳበ የብርሃን መግቢያውን ወደሚዘጉትና ወደሚከፍቱት ስስ ምላጮች፣ ማለትም ወደ ዲያፍራሙ ይሄዳል፤ አልፎ ተርፎም በመስተዋቱ ላይ እንደ ጉም ያርፋል። በጥርሱ ላይ የቀረው ሳሙና ደግሞ ይደርቃል፤ አቧራና የብረት ብናኝ ይቀላቀልበትና ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ስለዚህ ቀለበቱ የገተረና ምላጮቹ ዘይት ያዘሉ ሌንስ ሁለት በሽታ ያለው ቢመስልም በሽታው አንድ ነው።

ያን ግራሶ የሚይዘው ክፍል ሄሊኮይድ ይባላል። በቀላሉ ለመረዳት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞሩ ሁለት ወይም ሦስት የብረት ቱቦዎች ሲሆኑ በመካከላቸው እንደ ብሎን ጥርስ አላቸው። ቀለበቱ ሲዞር ጥርሱ መስተዋቱን የተሸከመውን ቱቦ ወደ ፊት ይገፋዋል። ልዩነቱ ተራ ብሎን አንድ መግቢያ ብቻ ሲኖረው የሌንስ ጥርስ ግን በርካታ መግቢያዎች ያሉት መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ትንሽ ሲዞር ብዙ ይራመዳል። ሥራ ያልለመደ እጅ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ ወደ ኋላ ይመጣል።

የቱቦዎቹ ብረት ብዙውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ከአልሙኒየም ጋር በደረቁ ሲፋተግ ይናከሳል፤ አንዴ ከተናከሰ በኋላ የትኛውም ግራሶ አያድነውም። የገተረ ቀለበትን በፒንሳ ይዞ በጉልበት ማዞር የሚከለከለውም ለዚህ ነው። ጉልበቱ ግራሶውን አያለሰልሰውም፤ ጥርሱን ይበላዋል፤ ወይም ቱቦው በቀጥታ እንዲራመድ የሚጠብቁትን ትንንሽ ቁልፎች ያጣምማል።

ሥራው

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከመፍታቱ በፊት ይጽፋል። ቀለበቱን ወደ መጨረሻው ርቀት፣ ፎቶ አንሺዎች ኢንፊኒቲ ወደሚሉት ምልክት ያዞርና ቱቦዎቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያላቸውን ርዝመት በካሊፐር ለክቶ ይመዘግባል። ዛሬ በእጅ ስልክ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ ማንሳት ስለሚቻል የቀድሞ ባለሙያዎች ያልነበራቸው ዕድል አለ። ከዚያ ቀጥሎ በቀለበቱ ጎን ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ይፈታል። በሄሊዮስ 44-2 ላይ እነዚህ ብሎኖች 3 ናቸው። የሚያስፈልገው ካቻቢቴ ጫፉ ከብሎኑ ጭረት ጋር በትክክል የሚገጥም መሆን ይኖርበታል፤ የራዲዮ ጠጋኝ ሁሉን ቻይ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ያበላሻል። በጃፓን ሌንሶች ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ብሎን ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ ጋር እንደማይገጥምም ብዙ ሰው አያስተውልም፤ ቅርጹ ተቀራራቢ ቢሆንም ጫፉ ስለሚንሸራተት ራሱን ይልጠዋል።

መስተዋቱን የያዘው ክፍል ከወጣ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ ከቅባቱ ሥራ ርቆ ይቀመጣል። ከዚያ ዋናው ቅጽበት ይመጣል። ውስጠኛው ቱቦ ቀስ እየተባለ ሲፈታ ጥርሱ ከጥርስ የሚለቅበት አንድ ነጥብ አለ። ሠሪው በዚያች ቅጽበት ሁለቱ ቱቦዎች የት ላይ እንደነበሩ በመርፌ ጫፍ ጭሮ ምልክት ያደርጋል። ይህን ያላደረገ ሰው ሌንሱን መልሶ የሚገጥመው በዕድል ነው። ጥርሱ ባለ 6 መግቢያ ቢሆን 1ዱ ትክክለኛ፣ 5ቱ የስሕተት ናቸው፤ በስሕተቱም መግቢያ ቢገባ ሌንሱ ይገጥማል፤ ይዞራል፤ ሲያዩትም ጤነኛ ይመስላል።

የማጽዳቱ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። የደረቀው ግራሶ በእንጨት ስንጥርና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከየጥርሱ መካከል ተፍቆ ይወጣል። የብረት ሽቦ ክልክል ነው። ማሟሟቻውን በተመለከተ በየሱቁ ያለው ልማድ ላምባ መጠቀም ነው። ላምባ ግራሶን ያላቅቃል፤ ነገር ግን ራሱ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ በላዩ ላይ የሚቀባው አዲስ ግራሶ አይዝም። የነዳጅ ማደያ ቤንዚንም የራሱ ዝቃጭ አለው። የተሻለው የሲጋራ ላይተር የሚሞላበት ጠፊ ቤንዚን ነው፤ ሲደርቅ ምንም አይተውም። አሴቶን ብረቱን በደንብ ቢያጸዳም በቀለበቱ ላይ የተጻፉትን የርቀት ቁጥሮች ቀለም ጠራርጎ ስለሚወስድ ከውጭው ክፍል መራቅ አለበት። ቁጥሩ የጠፋበት ሌንስ ደግሞ በገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል። አንድ ነገር እዚህ ላይ መባል አለበት፦ ይህ ቤንዚን በትነቱ እሳት ይስባል፤ በጎንደር ደግሞ ከጠረጴዛው አጠገብ የቡና ከሰል የማይጤስበት ሱቅ ጥቂት ነው። ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ መሆን የለባቸውም።

ግራሶው ከሁሉ በላይ ክርክር ያለበት ጉዳይ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቆች የሚሸጡት የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ በወፍራምነት ደረጃው ቁጥር 2 የሚባለው ነው። ሌንሱን ያዞራል፤ በጎንደር ቀትር ላይም ጥሩ ነው ያሰኛል። ሆኖም የተሠራው ለከባድ ሸክምና ለከፍተኛ ሙቀት ስለሆነ በብርድ ይጠነክራል፤ ጥቁሩ ዓይነት ደግሞ በውስጡ ያለው ሞሊብዲነም የነካውን ሁሉ ያጠቁራል። ከዚህ የባሰው ዘይት ወይም ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ በቀለበቱ ስንጥቅ ውስጥ መርጨት ነው። ለጊዜው የደረቀውን ግራሶ ስለሚያሟሟው ቀለበቱ ወዲያው ይላላል፤ ሌንሱ ይሸጣል። የሟሟው ግራሶና ስፕሬዩ ግን አብረው ወደ ዲያፍራሙ ይፈስሳሉ። ደላላው በዚያን ጊዜ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል።

ለሌንስ ተብሎ የሚሠራው ግራሶ መሠረቱ ሰው ሠራሽ ዘይት ሆኖ ቶሎ የማይለያይ፣ ለእጅም ከበድ ያለና ወጥ የሆነ መያዝ የሚሰጥ ነው። በቀላሉ አይገኝም፤ ከውጭ ማስመጣት ይጠይቃል። ነገር ግን ለአንድ መካከለኛ ሌንስ ግማሽ ግራም እንኳ ስለማይፈጅ 10 ግራም የያዘች ቱቦ ለ20 ሌንስ ትበቃለች። ከውጭ አገር ለሚመጣ ዘመድ «ሌንስ ይዘህ ና» ከማለት «ይህችን ቱቦ ይዘህ ና» ማለት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ወደ ተራራ ለሚወጣ ባለሙያ ከሚዘጋጁት ደረጃዎች ቀለል ያለው ይመረጣል። ሲቀባም በጥርሱ ላይ ስስ ሆኖ፣ የብረቱ ቀለም ከሥሩ እስኪታይ ድረስ ነው። ብዙ መቀባት የብዙዎች ስሕተት ነው፤ ትርፉ ግራሶ ቀለበቱ በዞረ ቁጥር ወደ ዳር እየተገፋ መጨረሻው መስተዋቱ ላይ ይሆናል።

የአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ዋጋ

ከላይ የተጠቀሰው የመግቢያ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያከስር በቁጥር ማየት ይቻላል። ባለ 58 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ከመጨረሻው ርቀት ተነስቶ ግማሽ ሜትር ላይ ያለን ፊት ጥርት አድርጎ ለማሳየት ወደ ፊት የሚራመደው በጠቅላላው 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ወደ ፊት ወጥቶ ቢገጠም ሌንሱ ከ34 ሜትር ወዲያ ያለውን ነገር በትክክል አያነጣጥርም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወጣ ወሰኑ ከ7 ሜትር በታች ይወርዳል። በስቱዲዮ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይህ አይታወቅም፤ ሌንሱ እንደ ጤነኛ ሊያገለግለው ይችላል። ሙሽሮቹን በፋሲል ግቢ ሜዳ ላይ አቁሞ ከነ ግንቡ ሊያነሳ ሲሞክር፣ ወይም በጨነቅ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ወዲያ ማዶ ያለውን ሸንተረር ሲያይ ነው የሚገለጥበት። ያን ጊዜ ሙሽራው ለሁለተኛ ጊዜ አያገባም።

ስለዚህ ፍተሻው በሱቅ ውስጥ ሳይሆን ደጅ ወጥቶ ነው የሚደረገው። ሌንሱ ቀዳዳው በሙሉ ተከፍቶ፣ ካሜራው ምስሉን በስክሪኑ ላይ እንዲያጎላ ተደርጎ፣ ቀለበቱ እስከ መጨረሻው ዞሮ በጣም ሩቅ ያለ ጠርዝ ይታያል። ጎንደር በኮረብታ የተከበበች ከተማ በመሆኗ ለዚህ ዕቃ አይጎድላትም፤ በሰማዩ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ የሩቅ ሸንተረር ወይም በሌሊት ጨረቃ ይበቃል። ጥንቃቄ የሚሻው አዳፕተሩ ነው። ርካሾቹ አዳፕተሮች ብዙውን ጊዜ ሆን ተብሎ በትንሹ አጥረው ስለሚሠሩ የሌንሱን ስሕተት ይሸፍናሉ፤ ወይም ቀለበቱ መጨረሻ ላይ ሳይደርስ ምስሉ ይጠራል። ነጋዴ የሆነ ሰው ጤነኛ መሆኑን በሌላ ሌንስ ያረጋገጠውን አንድ አዳፕተር እንደ ሚዛን ድንጋይ ይዞ መዞር ይኖርበታል።

በሱቅ ውስጥ የሚቻለው የሚከተለው ነው። ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር ሲዞር አንድ ዓይነት ክብደት አለው ወይስ አንድ ቦታ ላይ ይይዛል? ወጥ ሆኖ የከበደ ከሆነ የደረቀ ግራሶ ነው፤ ይጸዳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ወይም የሚያንቋቋ ከሆነ ቱቦው ተጣሟል ወይም ጥርሱ ተነክሷል፤ ይተው። ሌንሱ ተይዞ ፊቱ ወደ ጎን ሲገፋ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል። የብሎኖቹ ራስ ከተላጠ ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው እጁ ሻካራ ነበር። የዲያፍራሙ ምላጮች የሚያብለጨልጩ ከሆነ ዘይት አለባቸው። መስተዋቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ጎንደር ላይ ክረምቱን በቆዳ ማህደሩ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ይህ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ሻጋታው የመስተዋቱን ልባስ ከበላው ግራሶ መቀየሩ ገንዘብ ማባከን ነው።

በገንዘብ ረገድ አንድ ስሌት እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ነጋዴ የገተሩ 4 ሌንሶች በ4,000 ብር ሒሳብ ቢገዛ፣ ለእያንዳንዱ 1,500 ብር የጥገና ቢከፍልና በ8,000 ብር ቢሸጥ ወጪው 22,000፣ ገቢው 32,000፣ ትርፉ 10,000 ብር ይሆናል። ከ4ቱ አንዱ በጥገና ላይ ቢበላሽ ትርፉ ወደ 2,000 ይወርዳል። ሁለቱ ቢበላሹ 6,000 ብር ይከስራል። የጥገና ዋጋውን በ500 ብር ለማስቀነስ ብሎ ወደ ማያውቅ ሰው መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይታያል። በዚህ ንግድ ውስጥ ያለው ትርፍ በሙሉ የተቀመጠው በጠጋኙ እጅ ላይ ሲሆን፣ ገበያው ግን እስካሁን ለጠጋኙ ከደላላው ያነሰ ክብር ሲሰጥ ይታያል።

ሁሉም ሌንስ ደግሞ እኩል አይደለም። ሄሊዮስ 44-2 አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ለሥራው ማስተማሪያ ይሆናል። ጁፒተር-9 የሚባለው ባለ 85 ሚሊ ሜትር የሶቪየት ሌንስ ግን ለፊት ፎቶ ተፈላጊ ቢሆንም ጥርሱ ድርብ ስለሆነ የለመዱትንም ባለሙያዎች ያስቸግራል፤ ገትሮ ከተገኘ ዋጋው በጣም ካልወረደ በስተቀር ባይነካ ይሻላል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተስፋፉት የጃፓን አውቶፎከስ ሌንሶች በሞተር ስለሚሠሩ ውስጣቸው የተለየ ነው፤ በከባድ ግራሶ ከተሞሉ ሞተሩ ይቃጠላል።

ብርዱን በተመለከተ ደባርቅ ድረስ ሳይሄዱ የሚደረግ ፍተሻ አለ። ሌንሱ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ በደንብ ታስሮ ለአንድ ሰዓት ያህል በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ከታች፣ ይቀመጣል። እዚያ ያለው ሙቀት 4 ዲግሪ ግድም ስለሆነ ከጨነቅ ማለዳ ብዙ አይርቅም። ከወጣ በኋላ ከረጢቱ ሳይፈታ ከላዩ ቀለበቱ ይዞራል። በሁለት ጣት ከዞረ ተራራ ይወጣል። ከረጢቱ ሌንሱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አይፈታም፤ ቶሎ ከተፈታ የአየሩ እርጥበት በቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ይወርዳል። ከተራራ ወርዶ ሞቃት ክፍል ለሚገባ ፎቶ አንሺም ይኸው ሥርዓት ነው። ይህን ፍተሻ የሚፈራ ሻጭ ግራሶው ከጎማ ኩሽኔታ የመጣ መሆኑን የሚያውቅ ሻጭ ነው።

ለጥር ሰርግ ሌንሱን የሚፈልግ ባለሙያ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ያለበት በኅዳር ነው። በታኅሣሥ ማብቂያ ሁሉም ዕቃውን ይዞ ስለሚመጣ ሥራው ይጣደፋል፤ በጥድፊያ የተከፈተ ሌንስ ደግሞ ምልክት አይደረግበትም። አዲስ ግራሶ የተቀባ ሌንስ ለሁለት ሦስት ቀን በየጊዜው እየዞረ፣ ወደ ዳር የተገፋው ትርፍ ቅባት እየተጠረገ መቆየት አለበት። ደረሰኝ ላይ የሌንሱ መለያ ቁጥር፣ የገባው ግራሶ ዓይነትና ሥራው የተሠራበት ቀን እንዲጻፍ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም። ሌንሱ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ «አልተነካም» ከሚለው ወሬ ይልቅ ያቺ ወረቀት ዋጋ ታስገኛለች።